ሰርቪሱ የሚያድርበት ግቢ

ከእንግሊዝ አፍ ወጥተው እኛ ቤት ከገቡት ቃላት ሁሉ እንደ «ሰርቪስ» ያለ ዓይን አውጣ የለም። ማንም ሳይጠራው ገብቶ በየክፍሉ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሠራተኛ የሚያመላልሰው መኪና ሰርቪስ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ አጥሩን ተደግፋ የምትሠራው ክፍልም ሰርቪስ ናት። መኪና ዘይቱ ሲቀየር፣ ፍሬኑ ሲታይ «ሰርቪስ ገባ» ይባላል። ምግብ ቤት ገብቶ አስተናጋጅ የዘገየበት ሁሉ «ሰርቪሳቸው አይረባም» እያለ ይወጣል፤ በሥራ ላይ ያረጀውንም «ስንት ዓመት ሰርቪስ አለህ?» ይሉታል። እመቤቶችማ ለእንግዳ ካልሆነ የማይነካ የሰሃን ሰርቪስ አላቸው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት የሚኖር። እንግሊዞቹ ይህን ሁሉ ለአንድ ቃል ያሸክሙት እንደሆነ እነሱ ይወቁ። እኔ የማውቀው ሁሉንም ለብቻው የተሸከመ አንድ ሰው ነው።

ሰውዬው የሳሙና ፋብሪካ ሰርቪስ ሾፌር ነው። በስሙ የሚጠራው የለም። ተሳፋሪዎቹ «ሰርቪሱ መጣ»፣ «ሰርቪሱ ቀረ» ሲሉ እሱን ይሁን መኪናዋን ራሳቸውም አይለዩትም። አንዴ ጉንፋን አጣድፎት ከቤት ሲውል የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ «ዛሬ ሰርቪሱ ታሟል» ብትል አንዱ ፌዘኛ «ጎማው ነው ሞተሩ?» አላት። ተሳቀ። በማግስቱ ሲነግሩት እሱም አብሮ ሳቀ። የዚህ ሰው ጥፋት እንግዲህ ይኸው ነው፤ በማይሳቅበት ይስቃል።

የሚኖረውም ሰርቪስ ውስጥ ነው፣ በፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ግቢ። ያኔ አዲስ ሙሽራ እያለ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶት «ለምን ኪራይ ትገፈግፋለህ? የጀርባዋ ክፍል ባዶዋን ነው ያለችው። መኪናዋም ውጭ ከምታድር እዚህ ትደር፣ አንተም አጠገቧ ሁን» አለው። ደግነት መሰለው፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ሚስቱ ብቻ «ለጊዜው ከሆነ ደግ» አለች። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለውን ሁለቱም ያወቁት ቆይተው ነው፣ ያውም እሷ ቀድማ።

ክፍሏ አንድ በርና አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቱ ሲከፈት አጥር ነው፣ እጅህን ብትዘረጋ ግንቡን ትነካዋለህ። ሚስቱ የተማሪ የደንብ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ለመስፋት በሩን መዝጋት አለባት፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ጨለማ ነው። ከመጋረጃው ማዶ ልጃቸው ትተኛለች። ቁመቷ አባቷን ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ እግሯ ከፍራሹ ካለፈ ሰነባብቷል።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው ደወሉ ነበር። የትልቁ ቤት እመቤት ጉሮሮዋን ማድከም አትወድም፤ ከወጥ ቤቷ እስከ ሰርቪሷ ሽቦ አስዘርግታ ግድግዳቸው ላይ ደወል አሰቅላለች። አንዴ ሲጮህ ባልየውን ነው፣ ሁለቴ ሲጮህ ሚስቱን። ገበያ አድርሰኝ፣ ጋዙን ቀይር፣ መጋረጃውን አጥቢልኝ፣ የሰሃን ሰርቪሱን አውርዱልኝ፣ እንግዳ አለብኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ውሸት ምን ያደርጋል። አሮጌ ልብስ ትሰጣለች፣ ልጅቷንም «የኔ ልጅ» ትላታለች። ክፉ ብትሆን ኖሮ ተጣልተው ይገላገሉ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ደወሉ ሦስቴ ጮኸ። ባልና ሚስት ተያዩ። ሦስቴ ጮኾ አያውቅም። ልጅቷ ግን ደብተሯን ዘግታ፣ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ ማንም ሳይነግራት ወጣች። ለካስ ሦስቴ ሲጮህ እሷን እንዲሆን ከእመቤቲቱ ጋር ከተስማሙ ቆይተዋል። እናትየው የያዘችውን እጅጌ አስቀምጣ በሩን ስታይ ቆየችና «ልጄንስ አልሰጥም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበራትም። ቤት ስታፈላልግ ሰነበተችና ሁለት ክፍል አገኘች፤ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ ኪራዩ በእሷ ስፌት የሚቻል። የቤቱ ባለቤት እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ አላት። ባሏን «አንተ ደግሞ ንገራቸው» አለችው። «እሺ» አለ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለ ነው አባቱ ያሳደገው፣ ነፍሱን ይማርና፤ እምቢንም ቢያስተምረው ምን ነበረበት?

ሰኞ ሊነግር ሄዶ ጋዝ ተሸክሞ ተመለሰ። ረቡዕ አፉን ሲከፍት የእመቤቲቱን እህት አምጣ ተባለ። ዓርብ ማታ ሚስቱ በር ላይ ቆማ «ዛሬ ሳትነግራቸው ብትመለስ በሩን አልከፍትልህም» አለችው። ሄደ። ሥራ አስኪያጁ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነባል።

«ጌታዬ፣ ቤት አግኝተናል» አለ ሾፌሩ። «ልጅቷም አድጋለች፣ ክፍሏም…»

«እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ!» ሥራ አስኪያጁ ጋዜጣውን አጠፈ። «ማን ይከለክላችኋል? ሚስትህና ልጅህ ይሂዱ እንጂ። መኪናዋ ግን እዚህ ነው የምታድረው፣ እሱን ታውቃለህ። ንጋት ላይ ከዚህ መነሳት አለባት። ሾፌር ደግሞ መኪናው ካለበት ይኖራል። አይ ካልክ፣ ሾፌር ሞልቷል፣ ሌላ እፈልጋለሁ። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሰርቪስህን ሜዳ ላይ በትነህ የት ትሄዳለህ? በዚህ ዕድሜህ ማን ይቀጥርሃል? አንተ እኮ ቤተሰባችን ነህ።»

ሾፌሩ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። የሚለው ነገር ነበረው። ሚስቱ ፊት ቃል በቃል ተለማምዶት ነበር የወጣው።

«ነገ ደግሞ መኪናዋን ውሰድና ዕቃቸውን አድርስላቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ በቸርነቱ ራሱም ደስ ብሎት። «ነዳጁ በኔ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለ ሾፌሩ። ማመስገኑ ነው የሚገርመኝ፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ሚስቱ በሩን ከፈተችለት። የተባለውን ሁሉ ሳታቋርጥ ሰማችው።

«እና አንተስ?»

«ለጊዜው ነው» አላት። «ሌላ ሥራ እስካገኝ…»

«እዚህም ስንገባ ለጊዜው ነበር» አለችና ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች። የሱን ሸሚዞች ለብቻ አደረገች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ቅዳሜ አልጋውን፣ ፍራሹን፣ የስፌት መኪናዋን፣ ድስቶቹን፣ ባልዲውን ጫነ። ሚስቱ ድስቶቹን ታቅፋ መሐል ተቀመጠች፣ ልጅቷ ኋላ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶውን ሄደ፤ የፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ የዘወትር ቦታ ስለሆነ ማንም ሊቀመጥበት አላሰበም። እመቤቲቱ አጥር ድረስ ወጥታ ልጅቷን ሳመቻት፣ ዕንባም ነበራት።

አዲሱ ቤት ደረሱ። አልጋውን ገጠመ፣ መጋረጃ መስቀያ ሚስማር መታ፣ የተጣመመውን መቀርቀሪያ አቀና። ሁለት መስኮት አለው፣ ሁለቱም መንገዱን ያያሉ። አንዲት ሴት ቲማቲም ስትመርጥ ይታያል። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሲያያት ቆየ፤ ከሱ ምንም የሚፈልግ ሰው የለም፣ መዶሻውን እንኳ አስቀምጧል። ደስ አለው። ሚስቱ አየችውና ዓይኗን መለሰች።

ስልኩ ጠራ። እመቤቲቱ ነበረች፤ እንግዶቿ መናኸሪያ ደርሰዋል፣ የሚያመጣቸው የለም። «መጣሁ እትዬ» አለ። ሚስቱ ሸሚዞቹን በፌስታል አድርጋ አቀበለችው። ብረት ምጣዷንም ጨመረችለት።

ልጅቷ እስከ መኪናዋ ሸኘችው። ገብቶ ቁልፉን ሲሰካ በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ ማታ ትመጣለህ?»

«መኪናዋ እኮ እዚያ ነው የምታድረው፣ የኔ ልጅ።»

«ስለ መኪናዋ አልጠየቅኩህም» አለችው።

ሊስቅ ሞከረ፣ ያ ሳቁ አልመጣለትም። ከኋላ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ መንገድ ዘግቶ ነበርና። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።