ወንዙ የተዋቸው ጉሬዛዎች

ሂሪባዬ ተቀምጦ መብላት ከተወ ቆይቷል። ቁርሱን ደጅ ቆሞ፣ ዐይኑን ዛፍ ላይ ተክሎ ይጎርሳል። በኬንያው ታና ወንዝ ዳርቻ ቀይ ጉሬዛ ሲቆጥር ጠጉሩ ሸብቷል፤ ጎህ ሲቀድ ከዛፍ ሥር ይደርስና መንጋው ሳይበተን ወንዱን፣ እናቱንና ግልገሉን ይለያል። የቆጠራውን ሥራ የሰጡት ተመራማሪዎች በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላሉ። እሱ ግን የሚጠራው ሳይኖርም ይሄዳል። ሚስቱ ሃዱሎ፣ "ሴት ብትሆን ሄጄ ጠጉሯን እነጭ ነበር፤ ጉሬዛን ምን አባቴ ላድርገው?" ትላለች።

ባለፈው ጎርፍ ወንዙ መሄጃውን ቀየረ። ታና እንዲህ ያለ አመል አለበት። ሰው ድስቱንና ታንኳውን ይዞ ይከተለዋል፤ ጉሬዛ ግን መሬት መርገጥ ይፈራል። በአሮጌው ዳርቻ የቀሩት ሾላዎች ከጫፋቸው ደረቁ፤ እዚያ ያለው መንጋም በየቆጠራው ተመናመነ። በአዲሱ ዳርቻ ለምለም ጫካ አለ። በሁለቱ ዳርቻ መካከል ደግሞ የሂሪባዬ በቆሎ፣ በቆሎው ውስጥ ማማ፣ ማማው ላይ ሃዱሎ ከነወንጭፏ።

ጉሬዛዎቹ ለመሻገር እስከ ሾላው ግማሽ ድረስ ወርደው፣ ወንጭፉ ሲጮህ ተመልሰው ወጡ።

"ነገ ጠዋት አትወንጭፊ" አላት ሂሪባዬ።

"ዝንጀሮውንስ? እንኳን ደህና መጣህ ልበለው?"

"ጉሬዛ በቆሎ አይበላም።"

"ስለ ጉሬዛ መች ጠየቅሁህ? ልጆቼን ቁጥር ላብላቸው?"

ጎረቤታቸው ቡያ ከማሳው ሆኖ፣ ሂሪባዬን በልጁ ስም እየጠራ ሳቀ። "የማሮ አባት፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል?"

"ሳቅ፣ ሳቅ" አለችው ሃዱሎ። "ዝንጀሮው እኛን ሲጨርስ ወዳንተ ነው የሚሻገረው።"

ቡያ ወደ አረሙ ተመለሰ። ሂሪባዬም ደግሞ ለመለመን አፍ አልነበረውም፤ በቆሎውን የዘራችውም ያረመችውም እሷ ናት።

በማግስቱ ማማው ሥር ሲደርስ ሃዱሎ በጣቷ ዝም አሰኘችው። ጉሬዛዎቹ ወርደዋል። ትልቁ ወንድ በበቆሎው መስመር መሃል እየዘለለ አለፈ፤ ግልገል የያዙ እናቶች ተከተሉት። ሂሪባዬ መቁጠር ጀመረ። ወዲያው በወዲያኛው ጥግ በቆሎ ሲሰበር ተሰማ። ዝንጀሮዎች ገብተዋል። የሃዱሎ እጅ ከነወንጭፉ ተነሣና አየር ላይ ቀረ። አልወነጨፈችም። ከዝንጀሮዎቹ አንዱ ሲጮህ ግን ያልተሻገሩት ጉሬዛዎች ደንብረው ወደ ደረቁ ሾላ ሸሹ። ያኔ ድንጋዩን ለቀቀችው።

መንጋው ለሁለት ተከፈለ። ከወዲያም ከወዲህም ይጣራሉ። ሂሪባዬ ወደ ወንዙ ጥቂት ሄደ፤ ተመለሰ፤ ወደ ሾላው ሄደ።

"አንተ ሰውዬ፣ አዞርከኝ እኮ" አለችው ከማማው ወርዳ፣ የተሰበረውን እሸት እየለቀመች። "ነገ ዝንጀሮው በሚገባበት በኩል አንተ ቁም። ድምፅ ሳታሰማ፣ ዱላህን ይዘህ። እኔ ማማው ላይ ዝም እላለሁ።"

"ማን ይቆጥራል?"

"እኔ ነኛ። ዐይን የለኝም?"

"ግልገሉ ከእናቱ ሆድ ሥር ተለጥፎ ነው የሚያልፈው፤ ካላስተዋልሽ..."

"ልጅ አዝዬ አላውቅም መሰለህ።"

ሳይነጋ ጥጉ ላይ ቆመ። ዝንጀሮዎቹ መጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ ዐይኑን ከነሱ ላይ ቢነቅል ይገባሉ። ከጀርባው የበቆሎ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ ትንሽ ዝም ብሎ እንደገና ተንኮሻኮሸ። ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። መዞር አልቻለም፤ ስንት እንዳለፉ ጮኾ መጠየቅም አልቻለም።