የባሌ ወንድምና የአየር ማጣሪያዬ

ሰበታ ውስጥ ጨካኝ ሴት ናት ተብዬ እንደምታማ አውቃለሁ። ልክ ናቸው። ግን የሚያሙኝ ሰዎች ወሬውን ከጫፉ ነው የሰሙት፤ እኔ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ባሌ ሲሞት የተወልኝ አንዲት ገልባጭ መኪና ነበረች። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነበርና ሐዘኑ ሲወጣ መንጃ ፈቃዴን አሳድጌ መሪውን ራሴ ጨበጥኩ። ከሱሉልታ ድንጋይ እጭናለሁ፣ ቡራዩ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች አራግፋለሁ። ይህ ያልተዋጠለት የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ድሮ ጋሼ እያልኩ አንቱ የምለው ሰው ነበር፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አንቱታውን ገፍፌዋለሁ። እሱም እንደኛው ያለ መኪና አለው፤ ወንድማማቾቹ አብረው ነው የገዙት። የወንድሜ ንብረት በሴት እጅ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው እያለ ሽማግሌ ሰበሰበብኝ። ሽማግሌዎቹም እስከ ፋሲካ ትሞክር፣ መኪናዋ በእጇ ሠርታ ካላደረች ግን ለእሱ ትሽጥለት ብለው ወሰኑ። መኪናዋ ከሄደች የልጆቼ እንጀራ አብሮ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደግ ሆነልኝ። አንድ ቅዳሜ ሰርቪስ ላስደርግልሽ ብሎ መኪናዋን ወሰዳት። ስትመለስ የፋብሪካው አየር ማጣሪያ ከነሳጥኑ የለም፤ ከጋቢናው ጀርባ ሽቅብ የሚቆመው የአየር መሳቢያም የለም። በምትኩ ከገበያ የተገዛ የሚያብረቀርቅ ማጣሪያ፣ ሳጥን የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ ሞተሩ ሥር ተገጥሟል። አሮጌው ተሰባብሮ ስለነበር ጣልኩት አለኝ። ይኼኛው ጉልበት ይጨምራል፣ ድምፅም ያሳምራል አለ። የድምፁስ እውነት ነው። ድንጋይ ካባው ጋ ስደርስ ጫኞቹ ከሩቅ ለይተውኝ ያፏጩ ነበር። እኔም ሞኟ ሰው ፊት አመሰገንኩት።

ጥቂት እንደሰነበተች መኪናዬ ዳገት ጠላች። የእንጦጦን መንገድ ስትወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትንፏቀቃለች፤ የሚያልፉኝ ሚኒባሶች ጡሩምባ ይነፉብኛል፣ ረዳቶቻቸው በመስኮት ይሰድቡኛል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሌላ መኪና መጥራት ጀመሩ። እሱ ደግሞ ቤቴ እየመጣ ከንፈሩን ይመጥልኛል። አርጅታለች፣ ጨርሳ ሳትሞትብሽ ሽጪልኝ ይላል።

ቡራዩ ውስጥ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት መካኒክ አሉ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቱቦ ፈትተው ጣታቸውን ከተቱና አውጥተው አሳዩኝ። ጣታቸው አፈር ለብሷል።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ሞተርሽ የካባውን አቧራ እየበላ ነው። አሁን ከደረስሽለት ይተርፋል። የፋብሪካውን ፈልጊና መልሽለት።»

መለዋወጫ ሱቆችን ስዞር ሰነበትኩ። ያገኘሁት ግን ሱቅ ውስጥ አይደለም። ዓለም ገና ሻይ ልጠጣ ብቆም የእሱ መኪና እዚያው ቆማለች፤ ራሱ የለም። ከጋቢናዋ ጀርባ ያለው የማጣሪያ ሳጥን ክዳን የተያዘው በቁም ሳጥን ማጠፊያ ነው። የክዳኑ መንጠቆ ሲሰበር ያንን ማጠፊያ ከቁም ሳጥናችን በር ነቅሎ የገጠመው ባሌ ነበር፤ በሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሰውዬው መኪናው ተጋጭታ የራሱ ሳጥን እንደተሰበረበት ሰምቼ ነበር፤ ለካ የእኔን ነቅሎ ወስዷል።

ደሜ ፈላ። ድንጋይ አንስቼ መስታወቱን ላደቅቀው ምንም አልቀረኝም ነበር። ኋላ ፋሲካ መቅረቡ ትዝ አለኝ፤ ሽማግሌዎቹ መሰብሰባቸው አይቀርም። ቁጭ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። እንደዚያን ቀን የጣፈጠኝ ሻይ የለም።

የቀጠሮው ዕለት ሽማግሌዎቹን ቤት አላስገባኋቸውም፤ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር አወጣሁላቸው። ኦቦንም ከነመፍቻቸው ጠርቻለሁ። እሱ መኪናዬን ሊረከብ በራሱ መኪና መጣና ግቢው በር ላይ አቆማት። መጀመሪያ የተናገረውም እሱ ነው። በሴት እጅ ተበላሸች፣ እኔ የምችለውን ሁሉ አድርጌላታለሁ አለ። አንገቴን ደፍቼ፣ የገጠሙልኝ ማጣሪያ ጥሩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ከአሮጌው በብዙ ይበልጣል አለ። ሽማግሌ ፊት ነን ስለው፣ ውሸቴን ከሆነ የወንድሜ አጥንት ይውጋኝ ብሎ ማለ።

«እንግዲህ አባቶቼ፣» አልኩ፣ «እንዲህ ያለ ዕቃ ለእኔ አይገባም፤ ጋሼ ይውሰዱት። እኔ እዚያ መኪናቸው ላይ ያለው አሮጌ ሳጥን ይበቃኛል። የክዳኑ ማጠፊያ የእኔ ነው፤ ጥንዱ ቁም ሳጥኔ በር ላይ አለ።»

አንደኛው ሽማግሌ ተነሥተው ግቢው በር ላይ የቆመችውን መኪና ሳጥን አዩ፤ ቤት ገብተው ቁም ሳጥኑንም አዩ። ተመልሰው ሲቀመጡ የሰውዬውን ፊት አላዩትም። መጥፎ ነው እንዳይል ምሏል፤ የራሴ ነው እንዳይል ማጠፊያው አለ። እዚሁ ይለዋወጡ ተባለ። ኦቦ ሥራ ሲጀምሩ አይቸኩሉ አልኳቸው። የፋብሪካው ሳጥን ከነአየር መሳቢያው በየብሎኑ እየታሰረ ቦታውን ሲይዝ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ደግሞ የእሱ መኪና ላይ ሲገጠም፣ እኔ የማየው ፊቱን ብቻ ነበር። ሞተሬን ሳስነሳው ድምፁ ለስልሷል፣ ጭሱም ቀስ በቀስ ሳሳ። ሽማግሌዎቹ መኪናዋ የእሷ ናት፣ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃት አሉ።

ከዚያ ታረቁ አሉን። ወጉን ሁሉም ያውቀዋል። ጥፋተኛው ጉልበት ሊስም ጎንበስ ይላል፣ የተበደለው ቶሎ ብሎ ትከሻውን ይዞ ያነሣዋል፤ ጉልበት ድረስ የሚወርድ የለም። እሱም ያንን ተማምኖ ጎንበስ አለ። እጆቼን ወደ ኋላዬ አጣመርኩ። ጥቂት ወረደና ጠበቀኝ። ሽማግሌዎቹ አንሺው አሉኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። የሚያነሣው ሲያጣ ወረደ፣ ግንባሩ ግራሶ የነካው ሱሪዬ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ያኔም አላነሣሁትም። የተነሣው ራሱ ነው።