ፍቅሬ ከሰደፉ በኋላ

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ሊገዛ የመጣን ሰው፣ ቆሮሶ ዓሣው እጁ ላይ እስኪደርቅ ገትሮ የሚያቆመው የዓሣ አስጋሪው የፍቅሬ ወሬ ነበር። አምባዛ ከነመረቡ ጎትቶ ሐይቁ ውስጥ እንደከተተው ሲያወራ ገዢው ሁሉ «ከዚያስ?» እያለ ይከበዋል። ሚስቱ ታቢታ ትቆጣለች፤ ዓሣው ሳይሸጥ ይውላላ! ያገባችው ግን በዚያው አፉ ተሸንፋ ነው።

በ1970 መጋቢት ላይ አብዮት ጠባቂዎች በራሪ ወረቀት ፍለጋ ቤታቸውን በረበሩ። ምንም አላገኙም። ከነሱ አንዱ፣ እጁ ይቆረጥና፣ እንዲሁ ከምሄድ ብሎ የፍቅሬን ግንባር በሰደፍ ፈለጠው። ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ።

ሲነቃ አንደበቱ አልተያዘም። ቢያዝስ ይሻል ነበር። ቃሉ እንደ ድሮው ይፈስሳል፤ ወሬው ግን መያዣ የለውም። የሚለው ሲጎድልበት ፊት ለፊቱ ያየውን ሰው አንስቶ ወሬው ውስጥ ይከታል፤ የሆነም ይመስለዋል። ጎረቤታቸው ከበቡሽ ልትጠይቀው መጥታ እንደ ልማዷ «ከዚያስ?» ብትለው፣ ጀልባ ሰርቃ ስትቀዝፍ እንዳያት በዝርዝር ነገራት። ሴትዮዋ አኩርፋ ወጣች። ታቢታ ያን ቀን ገባት፤ «ከዚያስ?» ካላሉት ያቆማል። ስለዚህ ያቺን ቃል ከቤቷ ከለከለች። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ግንቦት ላይ ቀበሌው የማጋለጥ ስብሰባ ጠራ። የቀረ ይታሰራል። ታቢታ ባሏን ይዛ ሄደች፤ ወንድሟ አምሳሉም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን የሚበትነው አምሳሉ ነው፤ ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። መጀመሪያ አንድ አስተማሪ እዚያው ሰው ፊት ጥርሱ እስኪረግፍ ተደበደበ።

ቀጥሎ ፍቅሬ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ደምሴ የድሮ ዓሣ ደንበኛው ነው።

«እስቲ ፍቅሬ፣ ወረቀቱ በምን መጣልህ?»

«በጀልባ!» አለ ፍቅሬ፣ የሚሰማው በማግኘቱ ፊቱ በርቶ። «በቡሹሎ በኩል፣ በመረብ ተጠቅልሎ!»

«ጓድ፣ ጭንቅላቱን ተመቷል እኮ!» ስትል ታቢታ ጮኸች። «የሚለውን አያውቅም!»

«ያዙልኝ ይቺን! እሺ፣ ከዚያስ? ማነው ያመጣው?»

የፍቅሬ ዓይን መፈለግ ጀመረ። አንደኛውን ረድፍ ጨረሰ፤ ወደ ሁለተኛው ዞረ። ታቢታ የያዛትን ጠባቂ እጁን ነክሳ አመለጠች፤ ሮጣ ባሏ ፊት ተገተረች፤ ጉንጮቹን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔን እየኝ፣ ፍቅሬ! እኔን!»

አያት። ፈገግ አለ።

«ይቺ ናታ!» አለ። «ታቢታ ናት ያመጣችው።»

ሰደፉ አፏ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ጎኗ ላይ። ወለሉ ላይ ወድቃ፣ ከሚጋፋው ሕዝብ መሃል አምሳሉ ሹልክ ብሎ ሲወጣ አየች። ደስ አላት። ፍቅሬ ከበላይዋ ቆሞ፣ ጀልባውን እንዴት አሳምራ እንደቀዘፈች ለጓድ ደምሴ ያወራል። በፀጉሯ እየጎተቱ ሲያወጧትም አላቆመም።