የግብር ቅነሳ ልንጠይቅ ሄደን

ዛሬ ሰበታ ማዘጋጃ ቤት ወረፋ ላይ ሳለን የመስኮቱ መስታወት ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ፊት ላይ ረገፈ።

ጡረተኛ ናቸው። ለሚኖሩበት ቤት የግብር ቅነሳ ሊያመለክቱ ነበር፤ እኔ አጅቤያቸው ነው የሄድኩት።

ውጭ ወጣቶች አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር የሚያቀናጀውን ማስተር ፕላን እየተቃወሙ ሲጮሁ ተኩስ ተከፈተ። ድንጋይና አስለቃሽ ጭስ ተከታትለው ገቡ።

ማመልከቻ የምትቀበለው ልጅ ጠረጴዛ ስር ጎትታ አስገባችንና የሚደማውን የኦቦ ገመቹን ግንባር በሻርፗ ጫን አድርጋ ያዘች።

"አይዞዎት አባባ፣ ዓይንዎ ተርፏል።"

"ልጄ፣ አንቺም እኮ እየደማሽ ነው!" አሏት።

ክንዷን ጥይት ጨርፏት ነበር፤ አላወቀችም።

ሁለቱንም በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ኦቦ ገመቹ ግንባራቸው እየተሰፋ "ማመልከቻዬን ግን መዝግበሽልኛል?" አሏት። ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ እንዴት ዋለ? ደህና መሆናችሁን ብቻ ጻፉልኝ።