ከግጥሚያው በፊት ወደ ፎንቆ

በጃንሆይ ዘመን ለጋዜጣ ስለ ስፖርት እጽፍ ነበር። ከምከታተላቸው ቦክሰኞች አንዱ የሆሳዕና ልጅ፣ የሰፈሬ ሰው ነው። የሚጋጠመው በዌልተር ክብደት ስለሆነ ከስልሳ ሰባት ኪሎ ማለፍ የለበትም። ለሻምፒዮና ግጥሚያ ሳምንት ሲቀረው የአባቱን ምርቃት ሊቀበል ወደ ሆሳዕና ሲመጣ አብሬው መጣሁ። ዕድሜው እየገፋ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን ላይ ከብዶ ከተገኘ ግጥሚያው ይሰረዛል፣ ሌላ ዕድልም አይጠብቅም።

እዚያ ቤት ግን ምርቃት በባዶ ሆድ አይሰጥም። ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው አታካና ቀረበ። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል።

«አባዬ፣ ክብደቴ ይጨምርብኛል» አለ።

አባቱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ሊደባደብ የሚሄድን ሰው አስርበው ነው የሚልኩት?»

«ሕጉ ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ሕጉን ያወጣው ተጋጣሚው ይሆናል» አሉ አክስቱ፣ ሳህኑን ወደሱ እየገፉ።

በላ። በማግስቱ የጎረቤት ሽማግሌዎችም መረቁት፤ እነሱም ጋ በላ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቀበቶው ጠበበው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሹራብ ደራርቦ፣ በላዩ ጋቢ ተከናንቦ፣ ላብ ሊያወጣ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ መሮጥ ጀመረ። እኔ በብስክሌት ተከተልኩት። የገበያ ቀን መሆኑን ሁለታችንም አላሰብንም። በአገራችን ጋቢ ለብሶ በገበያ መንገድ የሚሮጥ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው።

መጀመሪያ ያዩት ሴቶች እንስራቸውን አወረዱ። «ማን ሞተ?» ብለው ጮኹ።

«ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?»

ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነ ቆመ። ሰው ከበበው። ስለ ሚዛኑ ሲያስረዳ ላቡ እየደረቀ ነበር፤ ፊቱ ላይ ጭንቀት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ በሬ የሚነዱ ጎልማሳ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ለዚህ ነው? ብቻህን ከሮጥክማ ሁሉም ያስቆምሃል» አሉ። በሬውን ለወንድማቸው ሰጥተው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አድርገው ከጎኑ መሮጥ ጀመሩ። ሌሎች ሁለት ተጨመሩ። ከዚያ በኋላ ማንም «ማን ሞተ?» ባለ ቁጥር ጎልማሳው ናቸው የሚመልሱት፦ «ሞት የለም! ቅቤ ልናወጣ ነው!»

ፎንቆ ስንደርስ አንድ ሙስሊም የቡና ነጋዴ በጆንያ ሚዛናቸው ላይ አቆሙት። ስልሳ ሰባት ሞልቶ ትንሽ ያልፋል።

«ብዙ አልቀረህም» አሉ ነጋዴው። «በል ግባ፣ ምሳ ደርሷል።»

ሯጮቹ ሳቁ። እሱ ግን ምሳው ይቅርብኝ ብሎ ጫማቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ በአገሩ ምግብ እምቢ ሲል ያየሁት ይህን አንዴ ነው። ነጋዴው ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት፣ ውሃም እንኳ ሳያቀርቡለት መንገድ ድረስ ሸኙት።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ሲመዘን ክብደቱ ልክ ሆነ። ማታ በነጥብ ተሸነፈ። ለጋዜጣው ውጤቱን ብቻ ጻፍኩ።