እጇ የዋሻት ሴት

ሰፈሩ በሙሉ «እጀ ሐር» ነው የሚላት። ከልብስ ስፌት ሱቄ ጋር ግድግዳ በሚጋራው የውበት ሳሎን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሴቶችን ፊት ስታጸዳ ኖራለች። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችውም፤ እያየችና እየጠየቀች ነው የለመደችው።

ዋናው ሥራዋ በአሲድ ነው። አሲድ ስል የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን አይደለም። አልፋ ሃይድሮክሲ የሚባለው ወገን ነው፤ አንዱ ከሸንኮራ አገዳ፣ ሌላው ከኮመጠጠ ወተት ይገኛል። ፊት ላይ በስሱ ሲቀባ የሞተውን የላይኛውን ቆዳ አላቅቆ ያነሳዋል። ከጠነከረ ወይም ከቆየ ግን ያቃጥላል። ስለዚህ እጀ ሐር አንድ የማትለውጠው ልማድ ነበራት። አዲስ ጠርሙስ በከፈተች ቁጥር በግራ እጇ አንጓ ላይ ጠብ ታደርጋለች፤ እስከ ስልሳ ትቆጥራለች፤ ካልቆጠቆጣት ትቀባለች። «ወረቀት ይዋሻል፣ ቆዳ አይዋሽም» ትል ነበር። በራሷ ላይ ያልሞከረችውን በሰው ላይ አታደርግም። ሴቶቹም የሚያምኗት በዚህ ነው።

ከደንበኞቿ አንዷ አስተማሪ ነበረች። የብጉር ጠባሳ ጉንጮቿን ስለበሳሳው ተማሪዎቿ «ወንፊት» የሚል ስም አውጥተውላታል። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ከጀርባዋ ትሰማዋለች። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች በአራት ወር ውስጥ ፊቷ መለስ ማለት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የሳሎኑ ባለቤት ከሌላ ነጋዴ አዲስ ጠርሙስ ገዝታ መጣች። እጀ ሐር እንደ ልማዷ አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ ቆጠረች። ምንም አልተሰማትም። መምህሯን አስተኝታ ቀባቻት።

«እትዬ፣ ዛሬስ ያቃጥላል።»

«ትንሽ ነው፤ ታገሺ። እኔም ሞክሬዋለሁ።»

«ኧረ እትዬ፣ እየባሰ ነው!»

ጎንበስ ብላ ስታይ የግራ ጉንጯ ቆዳ ነጭ ሆኗል። አሲዱን የሚያበርደውን ማርከሻ ቀብታ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጠበቻት። አሲዱ ግን ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እጀ ሐር ጠርሙሱን ይዛ ሱቄ ገባች።

«ጋሼ፣ ክንድዎን ይስጡኝ።»

«ዛሬ ደግሞ እኔን ልታሳምሪ ነው? እኔ ብላጥ ከሥር የሚወጣው የባሰ ነው።»

አልሳቀችም። በእኔ ክንድ አንድ ጠብታ፣ በራሷ አንጓ አንድ ጠብታ አደረገችና መቁጠር ጀመረች። አሥራ አምስት ላይ ስትደርስ ክንዴን ነጥቄ ወደ ውሃው ባልዲ ሮጥኩ። እሷ እስከ ስልሳ ቆጠረች። አንጓዋን እያየች ቆማ ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመት አሲድ ሲነካው የኖረ ቆዳ መሰማቱን ትቷል፤ መቼ እንደተወ ግን አላወቀችም።

መነጽሬን አድርጌ ጠርሙሱን አነበብኩት። የቀድሞው ጠርሙስ የአሲድ ጥንካሬ ከመቶ ሠላሳ ነበር፤ ይኸኛው ከመቶ ሰባ ነው። ሳይቀጥን ፊት ላይ እንዳይደረግ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እጀ ሐር ማንበብ ትችላለች፤ አላነበበችም።

የሳሎኑ ባለቤት ስትሰማ በሩን ዘጋች። «እትዬ፣ አፍሽን ያዢ። ፀሐይ ላይ አትውጪ ብለሻት የለ? ፀሐይ ነው በያት፣ አለቀ። ይሄ ቤት ቢዘጋ የት ልትገቢ ነው?»

ምክሯ መሬት የሚወድቅ አልነበረም። አሲድ የነካው ቆዳ በእርግጥም ፀሐይ አይችልም። እጀ ሐር ደግሞ ብቻዋን የምታሳድጋቸው ሁለት ልጆች አሏት።

ረቡዕ መምህሯ መጣች። እጀ ሐር «አብረውኝ ይሁኑ» ስላለችኝ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። መምህሯ ሻርፗን ስትፈታ ጉንጯ ላይ ጠቆር ያለ ቅርፊት ይታያል።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አይደል? እሁድ ልጆቹን ይዤ ሜዳ ወጥቼ ነበር። ፀሐይ ነው።»

ሰበቡን ራሷ አምጥታ አስጨበጠቻት። የሳሎኑ ባለቤት በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣ ታያለች።  እኔ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ «እሺ ብለሽ እለፊው» ብዬ በልቤ ተመኘሁላት።

«ፀሐይ አይደለም» አለች እጀ ሐር። «እኔ ነኝ። ጠርሙሱን ሳላነብ ቀባሁሽ። እጄ ደንዝዟል፤ አላወቅሁም። ያቃጥላል ስትዪኝ ደግሞ አንቺን ትቼ እጄን ሰማሁ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር እኮ!» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ይቅር እንድልሽ ነው የነገርሽኝ?»

«አይደለም። ሐኪም ጋ ሄደሽ እውነቱን እንድትነግሪው ነው።» ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት።

መምህሯ ተቀብላ ወጣች። ደህና ዋሉም አላለችን።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አልፏል። ቅርፊቱ ወድቋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጥቁረት ግን ጉንጯ ላይ ቀርቷል። ሐኪሙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል ብሏታል። በሱቄ ደጃፍ ስታልፍ ሰላም ትለኛለች፤ ወደ ሳሎኑ ግን አትዞርም። ተማሪዎቿ አሁን ምን እንደሚሏት አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

እጀ ሐር ዛሬ ፀጉር አጣቢ ናት፤ ደሞዟም ቀንሷል። በቀደም ዕለት አንዲት ደንበኛ ገንዳው ላይ ጋደም እንዳለች፣ «እትዬ፣ የፊቱን ሥራ ለምን ተውሽው?» አለቻት።

«ሰው አቃጥዬ።»

የሳሎኑ ባለቤት ማበጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። የደንበኛዋ አንገት ድርቅ አለ። እጀ ሐር ቧንቧውን ከፈተች።

«በጣትሽ ንኪውና ይሞቅ እንደሆነ ንገሪኝ» አለቻት። መልስ እስክታገኝም ውሃውን በሴትዮዋ ራስ ላይ አላፈሰሰችም።