አባቴ ሰበረው የተባለው ብሎን

ናፍጣ የነካው ዝገት የራሱ ሽታ አለው። ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ አሁን በምሠራበት ጋራዥ ውስጥ አንዱ ሠራተኛ የዛገ ብሎን ላይ ናፍጣ አፍስሶ ሲተወው ያ ሽታ ይመጣና እግሬን ያቁነጠንጠኛል። ቁጭ ማለት ያቅተኛል። እጄን ታጥቤ እስከ አስፋልቱ ደርሼ እመለሳለሁ። ሠራተኞቹ «ደግሞ ጀመራት» ይላሉ። ይበሉ።

የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ነቀምት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሲሬ ተመልሼ ከአባቴ ጋር እሠራ ነበር። ጋራዣችን ከመንገዱ ዳር አራት ቋሚና አንድ ቆርቆሮ ነው። አባቴ ግን በአገሩ ሁሉ ብሎን ሰብሮ የማያውቅ መካኒክ ይባል ነበር። ይሄ ቀላል ስም አይደለም፤ በዚያ ጭቃና ዝናብ የከረመ መኪና ሥር ገብቶ ብሎን ያልሰበረ ሰው የለም። ሰዎች ሌላ ቦታ እምቢ ያላቸውን መኪና ይዘው ከአኖ ከተማ ድረስ ወደ እሱ ይመጡ ነበር።

ምስጢሩ መዘግየት ነው። ናፍጣ ያፈስበታል፣ ጫፉን በመዶሻ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ትቶት ይሄዳል። ሲመለስ ከመፍታቱ በፊት መጀመሪያ ትንሽ ያጠብቀዋል። «ወደ ለመደው በኩል አንዴ ሂጂለት፣ ከዚያ አብሮሽ ይመለሳል» ይለኛል። እኔ እቃጠላለሁ። እንቁላል በእግሩ መሄድ የጀመረው ከእኛ ጋራዥ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ አሾፍበት ነበር። እሱ «ሱታ፣ ኢንተለ ኮ» ይላል፤ ቀስ በይ ልጄ ማለቱ ነው።

ይህ ታሪክ በሆነበት ሳምንት ነቀምት አንድ ትልቅ ጋራዥ ሰኞ ሥራ ጀምሪ ብሎኛል። አባቴ እንቢም እሺም አላለም። ብቻ «ይሄን መኪና እናውጣ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ» አለኝ።

መኪናው አሮጌ ፒክአፕ ነው። ባለቤቱ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ ነበር። ሰኞ የሴት ልጁ ኒካህ፣ ማለት ሰርጓ ነው፤ ሙሽራይቱን ከሰፈራ መንደሩ የሚያወጣ ሌላ መኪና አልነበረም። የኋላው ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ተሰብሯል። አዲስ ለመግጠም አሮጌውን ከሻሲው ጋር የያዘው አንድ ወፍራም ብሎን መውጣት አለበት። ከብሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ዳዶ ሐሙስ ተፈታ። ብሎኑ ግን ከውስጥ ከቦኮላው፣ ከተሰካበት የብረት ቀለበት ጋር በዝገት አንድ ሆኖ ሐሙስም አርብም አልነቃነቅም አለ። ያ ብሎን መኪናውን ብቻ ሳይሆን እኔንም ሲሬ ላይ የቸነከረኝ ይመስለኝ ነበር። አየሁትና ጠላሁት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጎረቤት አርፎ አባቴ ወደ ቀብር ሄደ። ሲሄድ በየተወሰነ ጊዜ ናፍጣ እንዳፈስበት፣ ቁልፉን ግን እንዳልነካ ነገረኝ። እስኪመለስ ይለሰልሳል አለ።

አንዴ አፈሰስኩ። ሁለተኛም አፈሰስኩ። ወደ ነቀምት የሚሄደው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ ሰው በመስኮት ሲስቅ ታየኝ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ቁልፉን ብሎኑ ራስ ላይ አስገባሁ፣ እጀታው ላይ ረጅም የውሃ ቱቦ ሰካሁ፣ እግሬን ጎማው ላይ አስደግፌ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። መጀመሪያ ማጥበቁን እንኳ ረስቼዋለሁ። ትንሽ ሲላላ ተሰማኝ፤ «መጣ» አልኩ። መምጣቱ አልነበረም፣ መጠምዘዙ ነው። ጧ አለና ጀርባዬ መሬት ላይ አረፈ። የብሎኑ ራስ ቁልፉ ውስጥ ቀርቷል።

አባቴ የለቅሶ ነጠላውን ሳያወርድ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። የብሎኑን ራስ ከእጄ ወሰደ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው የወሎው ሰው ከገበያ ደረሰና ምን እንደሆነ ጠየቀ። አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀደመኝ።

«ሰበርኩት» አለው። «ቸኮልኩና ሰበርኩት። ነገ ቆርጬ አወጣልሃለሁ።»

ሰውየው አላመነም። «ኸረ አንተ?» አለ። አባቴ የብሎኑን ራስ አሳየው።

ነገ ማለት እሑድ ነው። አባቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ በእሑድ ቁልፍ ነክቶ አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ብሎኑን የምንቆርጠው በእጅ መጋዝ ነው። እሱ ከአንዱ በኩል እኔ ከሌላው ሆነን ስንገዘግዝ ምእመኑ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ በፊታችን አለፈ። ጫማቸውን ከመኪናው ሥር ሆኜ አየው ነበር። አንዳንዱ ጫማ ይቆምና፣ ያየንና፣ ይሄዳል። አባቴ ቀና አላለም። ከቀትር በኋላ መኪናው ወጣ። ሰኞ ሙሽራዋ በጊዜ ደረሰች፣ እኔም ነቀምት ገባሁ።

በኋላ እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ሽማግሌዎቹ ጠርተው ጠይቀውት ኖሯል። «የሰበርኩትን ጠገንኩ» ብቻ አላቸው። ከሽማግሌነቱ ለጊዜው አረፍ በል አሉት። ከአኖ የሚመጡትም «ደግሞ እንዳትሰብረው» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። በየበዓሉ ወደ ሲሬ ስመለስ ዛሬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እላለሁ። ስደርስ እሱ ይስቃል፣ ሥራ ይጠይቀኛል፣ እኔም ነገን እጠብቃለሁ። ለሁሉ ነገር የምቸኩል ሰው ለዚህ ብቻ ዘገየሁ።

አምና አረፈ። ለቅሶው ላይ የወሎው ሰው ሸምግሎ፣ በምርኩዝ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲያወጋ እሱም አወጋ። «በዕድሜው አንዲት ብሎን ሰበረ፣ እሷም ለኔ ደረሰችኝ። ሰንበቱን ሽሮ ልጄን ዳረልኝ» አለ። ሰዉ በሐዘን መሀል ፈገግ አለ።

ተነሣሁ። ሁሉም እየሰማ «እሱ አልሰበረውም። እኔ ነኝ። ቀብር ሄዶ ሳለ እኔ ነኝ የሰበርኩት» አልኩ።

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ሴት ውሃ አቀበለችኝ። የወሎው ሰው ምርኩዙን ተደግፎ መጣና እጄን ያዘኝ።

«አይ ልጄ» አለኝ። «ለአባትሽ ስም ብለሽ በራስሽ ላይ ልትወስጂው ነው። ይሁን፣ ያስመሰግንሻል፤ የሱ ልጅ አይደለሽ።»

ሽማግሌዎቹም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጥ» አሉ። እኔ ውሃውን ይዤ ቁጭ አልኩ።